ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ቤኒን

እግሬ እንደከዳኝ መጀመሪያ ያወቀው የግቢያችን ዘበኛ ነው። እኔ አልነበርኩም። በነሐሴ፣ ልክ በቀትር፣ የቆሻሻ ከረጢት ይዤ ከኩሽና እስከ ትልቁ በር ድረስ ሄድኩ። የጅቡቲን ነሐሴ ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ በዚያ ሰዓት ድመት እንኳ ሲሚንቶ ላይ አትቆምም፣ ከጥላ ወደ ጥላ ትዘላለች እንጂ። ዘበኛው ከወንበሩ ሳይነሳ ቁልቁል አየኝና «ሌላኛው ጫማሽስ?» አለኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ። በቀኝ እግሬ ነጠላ ጫማ አለ። በግራ እግሬ ምንም የለም። ጫማው ኩሽናው ደጃፍ ላይ ቀርቷል። እኔ ያን ሁሉ መንገድ ፍም በመሰለ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሬ ሄጄ አልተሰማኝም።

ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው ይህን ጊዜ ሐኪም ቤት ይሄዳል። እኔ ግን ወደ ኩሽና ተመለስኩ፣ ውሃ የቋጠረው የእግሬ መርገጫ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩ፣ ከዚያም ነጠላ ጫማዬን በሰፊ ላስቲክ ከእግሬ ጋር አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ጫማው ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው እግሬ ነው፤ እሱን የማስርበት ላስቲክ ግን አላገኘሁም።

ለምን ደበቅሽ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የምኖረውም የምሠራውም ሀራሙስ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር፣ ከባሕሩ ብዙም በማይርቅ ቤት፣ ከአንዲት አሮጊት ጋር ነው። አዬዮ እላቸዋለሁ፤ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። ባላቸው ሞተዋል፣ አንድ ልጃቸው ፈረንሳይ አገር ነው፣ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። በልጅነታቸው ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ። ሲናደዱ ብቻ ወደ ሶማሊኛ ይዞራሉ። ስድቡ ስለማይገባኝ ስድስት ዓመት በፍቅር ኖረናል።

ሥራዬ ምግብ ማብሰል ነው፤ ምግብ አብሳይ ደግሞ ቆሞ የሚውል ፍጡር ነው። እግሯ ወለሉን የማያውቅ ሴት ቆማ ትውላለች ብሎ ማን ያምናል? ልጄ ድሬዳዋ እህቴ ዘንድ ሆና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ጋደም ባልኩ ቁጥር በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ከባቡር ስወርድ፣ እሷም ጣቢያው ላይ ቆማ ስታየኝ ይታየኛል። ስለዚህ ላስቲኩን ጠበቅ አደረግሁና ዝም አልኩ።

ምስጢሬን የነገርኳት ለብርቄ ብቻ ነው። ብርቄ ከጎናችን ባለው ቪላ የምትሠራ የአገሬ ልጅ ናት። ፈረንሳይኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ ከእኔ መሻል ግን ያን ያህል አድካሚ አይደለም። በአጥሩ በኩል እግሬን አሳየኋት። ከውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቴ አጥንት በስተኋላ፣ ባቄላ የምታክል ለስላሳ እብጠት አለች። ስጫናት ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው እስከ አውራ ጣቴ ድረስ ይነዝረኛል። ሳልጫናት ደግሞ መርገጫዬ የሌላ ሰው ነው። ብርቄ ስልኳን አውጥታ ስትፈልግ ቆየችና ፊቷ ተለወጠ። ምን ይላል ብላት ምንም አይልም አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ባገኘችኝ ቁጥር እጄን ይዛ አይዞሽ ትለኝ ጀመር። አይዞሽን የመሰለ የሚያስፈራ ቃል አላውቅም። ምንም ያልሆነን ሰው ማን አይዞህ ይለዋል?

ጉዱ የወጣው አንድ ዓርብ ምሳ ላይ ነው። ከኩሽና ወደ ሳሎን የሚያወጣ ሦስት ደረጃ አለ። ሩዙንና ዓሣውን በትሪ ይዤ ስወጣ ግራ እግሬ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያረፈ መሰለኝ፤ አላረፈም ነበር። እኔ ወደ ታች ስሄድ ትሪው ወደ ላይ ሄደ፤ ዓሣው ባሕር ውስጥ እያለ ያልዋኘውን ያህል በአየር ዋኝቶ አዬዮ ጭን ላይ አረፈ። አዬዮ ዓሣውን ልብ አላሉትም። ያዩት ላስቲኩን ነው። ይህ ምንድን ነው አሉኝ። ፋሽን ነው አልኳቸው። አዬዮ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ብዙ ፋሽን አይተዋል። ወደ ሶማሊኛ ዞሩ፤ ያን ቀን አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ ሁሉም ገባኝ።

እዚህ ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነውና፣ ሥራ እንደተጀመረ፣ እሑድ ጧት፣ ሐኪም ፊት ተቀምጠን ነበር። ሐኪሙ አማርኛ ስለማይችል አዬዮ ናቸው የሚያስተረጉሙት። ዓይኔን ጨፍኜ፣ መርገጫዬን በመርፌ ጫፍ በነካኝ ቁጥር «አሁን» እንድል ታዘዝኩ። ጨፈንኩ። ጠበቅሁ። የአየር ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ከውጭ የታክሲ ጡሩምባ ይሰማል። ሰውየው አንድ ነገር ረስቶ ወጥቶ ይሆናል ብዬ ትንሽ ታገስኩና፣ ይጀምሩ እንጂ አልኩ። አዬዮ ጆሮዬ ሥር መጥተው በዝግታ «ጨርሷል» አሉኝ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፍርሃቴ ሥራዬን ስለማጣት ነበር። ከዚያች ደቂቃ በኋላ እግሬን ስለማጣት ሆነ።

ከዚያ ወደ ኢኮግራፊ ላኩኝ፤ ያቺ እርጉዞች ሆድ ላይ የምትሽከረከረዋን ማሽን ማለቴ ነው። አንዲት ሐኪም ቁርጭምጭሚቴን ዝልግልግ ነገር ቀብታ መሣሪያውን አንሸራተተች፣ ቆመች፣ መለሰችው፣ እንደገና ቆመች። ወጥታ ሌላ ሐኪም ጠርታ መጣች። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አጎነበሱ። አንድ ሐኪም ብቻውን ሲያጎነብስ ሥራ ነው፤ ሁለት ሲሆኑ ግን ሰው ጸሎት ያምረዋል። በአዬዮ በኩል የደረሰኝ ይህ ነው፤ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት አለ፣ ነርቩ ላይ ይቀመጥ ነርቩ ውስጥ ይግባ ግን ይህች ማሽን ለይታ አታውቅም፣ ትልቁ ማሽን ማየት አለበት። ትልቁን ማሽን እዚህ ኢ.ኤር.ኤም. ይሉታል፤ በእኛ አገር ኤም.አር.አይ. የሚባለው ነው። ብርቄን ስለሱ ጠየቅኳትና ቧንቧ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ይውጥሻል፣ ክዳን የለውም እንጂ ሬሳ ሣጥን በይው አለችኝ። እጄንም ይዛ አይዞሽ አለች።

አሁን ስለ ፈረንሳይኛዬ ልናዘዝ። አዬዮ ዘንድ ከመግባቴ በፊት ሰባት ዓመት ፈረንሳዮች ቤት ሠርቻለሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ አጥርቼ የተማርኩት አንድ ቃል ነው፤ «ዊ»። አዎ ማለት ነው። ማዳም የምትለው ነገር ወይ የተሠራ ወይ መሠራት ያለበት ስለሆነ፣ ዊ ያለች ሠራተኛ አትሳሳትም። ዊ ብዬ ወጥቼ፣ ምን ተብዬ እንደነበር ኩሽና ገብቼ አሰላስል ነበር። አንድም ቀን ችግር አምጥቶብኝ አያውቅም። ችግሩ ሁሉ ተጠራቅሞ የጠበቀኝ ኢ.ኤር.ኤም. ክፍል በር ላይ ነው።

የቀጠሮው ቀን አዬዮ ኮሪደሩ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልቀሰቅሳቸው አልደፈርኩም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ አፉን በጭንብል ሸፍኖ፣ ረጅም ወረቀት ይዞ መጣና በፈረንሳይኛ ይጠይቀኝ ጀመር። እኔ ዓይኔ በመስታወቱ በኩል በሚታየው ቧንቧ ላይ ተተክሏል። ጠየቀኝ፣ ዊ አልኩ። እንደገና ጠየቀኝ፣ ዊ አልኩ። ሦስተኛው ላይ ቀና ብሎ ከእግር እስከ ራስ አየኝ፤ ጨዋ መሆኔን ያደነቀ ስለመሰለኝ ፈገግ ብዬ ዊ አልኩት። ወረቀቱ እስኪያልቅ እንዲህ ሄድን። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀስ እያለ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ የምለው ይገባሻል ወይ ማለቱ እንደነበር ኋላ ነው ያወቅኩት። ዊ አልኩት።

ባለሙያው ወረቀቱን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። አዬዮን ቀስቅሶ በሶማሊኛ ሲያናግራቸው በበሩ ክፍተት አያለሁ። አዬዮ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ያን ቀን ማሽኑ ውስጥ አልገባሁም፤ ሁለት ሌሎች ምርመራዎች ይቅደሙ ተባለ። በታክሲ ስንመለስ አዬዮ እስከ ሀራሙስ ድረስ ባሕሩን ነበር የሚያዩት። ምን አለ ብላቸው «ቤት እንግባ» ብቻ አሉኝ።

ቤት ስንገባ የሆነውን ልንገራችሁ። አዬዮ ቁጭ በይ አሉኝና ራሳቸው ውሃ ቀዱልኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ እኒህ ሴት ኩሽና ሲገቡ አይቼ አላውቅም። በማግሥቱ ዘበኛውን ሥጋ ቤት ልከው ጉበት አስመጡ፣ ለእኔ ብቻ። ትልቁን ድስት እንዳላነሳ ከለከሉኝ። ወገቤ ሥር ትራስ አደረጉልኝ። ከሰዓት በኋላ ግንባሬን ዳብሰው፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ አላህ የሰጠሽን ተቀበይ አሉኝ።

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? እኔ ያሰብኩትን አስባችኋል። ባለሙያው ማሽን ውስጥ እንኳ ሳያስገባኝ፣ ፊቴን አይቶ ብቻ ተስፋ ቆርጧል። ጉበቱ የስንብት ጉበት ነው። ልተወው ብዬ ነበር፤ አዬዮ ግን እስክጨርስ ራሴ ላይ ቆሙ።

በዚያው ሰሞን ብርቄ ደወለች። አዬዮ ነግረውኛል፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ከእኔ ደብቀው ለእሷ መንገራቸው ሞቴን አረጋገጠልኝ። እንባዬ መጣ። ብርቄ ካመነታች በኋላ «ለአባት ተነግሯል?» አለችኝ። ልክ ናት፣ ንስሐ አባቴን ረስቻቸው ነበር። ገና ነው፣ ከነገ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ልነግራቸው አስቤአለሁ አልኳት።

«ልነግራቸው?» አለች ብርቄ። «ትልቅ ሰው ናቸው እንዴ?»

«ሰባ አልፏቸዋል።»

ቀጥላ፣ ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ፣ ባለትዳር ናቸው ወይ አለችኝ። እኔም እንዲህ ባለ ሰዓት ይህን ምን አመጣው ብዬ እየተገረምኩ እውነቱን ነገርኳት።

«ኧረ መነኩሴ ናቸው።»

ብርቄ ስልኩን ዘጋች። ለቅሶ አሸንፏት ነው ብዬ አዘንኩላት።

የታዘዙት ምርመራዎች ደግሞ ጭራሽ አስጨነቁኝ። መጀመሪያ ሽንቴን ጠየቁኝ። እግሬ ታሞ ሽንት ምን ያደርጋል ብዬ ብጠይቅ አዬዮ አንገታቸውን ደፉ። በማግሥቱ ልብሽ ይታያል ተባልኩ። ያን ጊዜ የበሽታው ጉዞ ግልጽ ሆነልኝ፤ ከቁርጭምጭሚት ተነስቷል፣ ፊኛ ላይ አርፏል፣ አሁን ደረት ደርሷል። በዚህ አካሄዱ እስከ ሐሙስ ራሴ ላይ ይወጣል።

የልብ ሐኪሙ የሸሚዜን አንገት ገለጥ አድርጎ ከትከሻዬ ሥር ጠባሳ ይፈልግ ጀመር። በግራ ፈለገ፣ በቀኝ ፈለገ፣ አላገኘም። ለአዬዮ አንድ ነገር አላቸው። አዬዮ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ማሽኑን የት ነው ያደረግሽው?»

የቱን ማሽን አልኳቸው። የሚፈጨው ከሆነ ኩሽና፣ ከማቀዝቀዣው ጎን ነው አልኩ። እዚህ ድረስ አምጥተው በስርቆት የሚጠይቁኝ ከሆነ ብሞትም ይሻለኛል ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ልብሽ ውስጥ ያለውን ነው።»

ልቤ ውስጥ ምንም ማሽን የለም አልኳቸው። ሐኪሙ ከፋይሉ ያን ረጅም ወረቀት አወጣና ያነብ ጀመር፣ አዬዮ ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ልብሽ ውስጥ የተተከለ ማሽን አለ? ዊ ብለሻል። ዓይንሽ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል? ዊ። እርጉዝ ነሽ? ዊ። ጭንቅላትሽ በቀዶ ጥገና ተከፍቶ ያውቃል? ዊ። ጠባብ ቦታ ውስጥ መግባት ትፈሪያለሽ? ዊ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እውነቱ ይህ የመጨረሻው ብቻ ነበር።

ሐኪሙ ሌላ ወረቀት አገላበጠና ራሱን ነቀነቀ፤ የሽንቱ ውጤት እርግዝና የለም ይላል። አዬዮ ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ያን ሁሉ ጉበት በላሽ» አሉኝ።

ከዚያ ሳቁ ያዛቸው። ሐኪሙ ውሃ እስኪያመጣላቸው ድረስ ሳቁ። ሰባት ቀን ሙሉ በሆዴ ልጅ፣ በደረቴ ማሽን ይዤ መስሏቸው፣ እስክነግራቸው ድረስ በጨዋነት ሲጠብቁኝ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ታዲያ አልሞትም ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አዬዮ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ እሱን ገና አላየንም አሉኝ።

ብርቄን ማስረዳት ደግሞ ሁለት ቀን ፈጀ። መነኩሴውን ስትታዘባቸው ከርማለች፤ እሑድ እንኳ መስቀላቸውን አልተሳለመችም።

ለሁለተኛ ጊዜ ኢ.ኤር.ኤም. ክፍል ስሄድ አዬዮ አብረውኝ ገቡና ጥያቄውን ሁሉ እሳቸው መለሱ። እኔ አፌን እንዳልከፍት ተነግሮኛል። ጠረጴዛው ላይ ተጋደምኩ፣ አማተብኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠረጴዛው ተንሸራተተ። ጨለማው እስኪውጠኝ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ፣ ከልጄ ጋር ተሰናበትኩ። ብዙ ቆይቼ አንድ ዓይኔን ብገልጥ ጣሪያው ላይ ያለ መብራት ፊት ለፊቴ አለ። የገባው እግሬ ነው። ከወገቤ በላይ ውጭ፣ እንደማንኛውም ሰው ጋደም ብያለሁ። ያን ሁሉ ስንብት ለጉልበቴ ነበር ያባከንኩት።

ግን ለካ ሌላ ጣጣ አለ። ማሽኑ መንገድ እንደሚቆፍር መኪና ሲጮህ፣ እግርሽን እንዳታንቀሳቅሺ ተብያለሁ። እግሬ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረኝ እግር አይደለም። ተንቀሳቅሶ ይሆን? ጣቶቼ ይጨፍሩ ይሆን? ጆሮዬ ላይ በጫኑልኝ መከለያ ውስጥ ሆኜ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል የሚሰማኝን ቀኝ እግሬን ብቻ ስጠብቅ ቆየሁ። ስወጣ ሸሚዜ ርሶ ነበር፤ ክፍሉ ግን ማቀዝቀዣ ነው።

ውጤቱን ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በፖስታ ሰጡን። ሐኪሙ የሚያገኘን እሑድ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው። አዬዮ ፈረንሳይኛ በጆሮ እንጂ በፊደል አያውቁም። ስለዚህ ብርቄን ጠራናት። ብርቄ ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች ብዙውን ዘለለችና፣ «ኪስት» ይላል አለች። ይህን እናውቃለን፣ ከረጢቷ ናት። «ነርቭ» ይላል። ይህንም እናውቃለን። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«ቤኒን ይላል።»

ቤኒን ምንድን ነው አልን። ብርቄ ስልኳ ላይ ጻፈችው። ምዕራብ አፍሪካ ያለ አገር ነው። ካርታ መጣ፣ ባንዲራ መጣ። ዘበኛውም ተጠይቆ፣ አዎ አገር ነው፣ የኳስ ቡድን አላቸው አለ። ወረቀቱን ብናገላብጠው ሁለት ቦታ ላይ ቤኒን ይላል። ጅቡቲ ውስጥ እንዲህ ያለውን የሚሠራ ስለሌለ ወደዚያ ልከውሻል ማለት ነው ብላ ብርቄ ፈረደች። ከአገሬ ወጥቼ የደረስኩት እስከ ጅቡቲ ብቻ ነው። አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም። አሁን በማይሰማኝ እግር፣ በአንዲት ቃል ፈረንሳይኛ፣ የአፍሪካን ሌላ ጫፍ ልረግጥ ነው።

ብርቄ ከሄደች በኋላ አዬዮ ለልጃቸው ደጋግመው ደወሉ፤ አላነሳም። ከቁም ሳጥን ላይ አሮጌ ሻንጣ በዘበኛው አስወረዱና አቧራውን ራሳቸው ይጠርጉ ጀመር። ይህን ሁሉ ለእኔ አይልፉ አልኳቸው። ለእኛ ነው፣ ብቻሽን አትሄጂም አሉኝ። እኒህ ሴት ኮሪደር ላይ ተቀምጠው እንቅልፍ የሚወስዳቸው ናቸው። ከአልጋ ሲነሱ የምደግፋቸው እኔ ነኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ በላስቲክ ያሰርኩት ጥያቄ ያን ጊዜ አመለጠኝ።

«እግሬ ባይድንስ አዬዮ? ሌላ ሠራተኛ ይፈልጋሉ?»

መጥረጊያውን አስቀመጡ።

«አዎ» አሉ። «ለእኔም ለአንቺም የምታበስል አንዲት ሴት እንፈልጋለን።»

ሻንጣውን መጥረግ ቀጠሉ። እኔም ወደ ኩሽና ሄድኩ፤ የማቀዝቀዣውን በር ከፍቼ ውስጡን እያየሁ ብዙ ቆምኩ።

እሑድ ሐኪሙ ዘንድ ስንገባ አዬዮ ገና ሳይቀመጡ የቪዛውን ነገር አነሱ። ሐኪሙ የየት አገር ቪዛ አለ። የቤኒን አሉት። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ አዬዮን አየ፣ መነጽሩን አውልቆ ግንባሩን ያዘ። ሲረጋጋ እንደነገረን፣ ቃሉ ሲጠራ ቤናን ነው፤ ሲጻፍ ከአገሩ ጋር ይመሳሰላል፤ ትርጉሙ ክፉ ያልሆነ፣ የማይሰራጭ ማለት ነው። ካንሰር አይደለም ማለት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስንፈራው የከረምነው ቃል ለካ የምሥራቹ ነበር።

ከዚያ ምስሉን አሳየኝ። እግሬ እንደ ሙዝ በስስ በስሱ ተቆራርጧል። አጥንቱ ጥቁርና ግራጫ ነው፣ ከቁርጭምጭሚቱ ጎን ግን አንዲት ነጭ ረዘም ያለች ነገር ታበራለች። ሐኪሙ ብዙ ተናገረ፣ እጁን አጣጠፈ፣ ወረቀት ላይ ሣለ፣ እንደገና ተናገረ። አዬዮ በጥሞና ሰምተው ወደ እኔ ዞሩና «ውሃ ነው» አሉኝ። ለዚያ ሁሉ ንግግር ይህን ብቻ ነው ብዬ ብነጫነጭ ዝርዝሩን አከሉልኝ። ከመገጣጠሚያው ውስጥ የሚያለሰልሰው ፈሳሽ በቀጭን ቀዳዳ ሾልኮ የነርቩ ሽፋን ውስጥ ገብቷል። እዚያ ተጠራቅሞ ነርቩን አንቆ ይዞታል። በትንሽ ቀዶ ጥገና ፈሳሹ ይወጣል፣ ቀዳዳውም ይዘጋል። ስሜቱ ይመለሳል ወይ አልኩ። አዬዮ ይህን ሳያስተረጉሙ ቀሩ፤ ሐኪሙ ግን ከፊቴ ገባውና ትከሻውን ከፍ አደረገ። የተናገረውን አዬዮ የግዳቸውን መለሱልኝ፤ ነርቭ ዝግተኛ ነው፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ሙሉውን ላይመለስም ይችላል።

ቀዶ ጥገናው ከተሠራልኝ በኋላ ያለውን ጊዜ አዬዮ ሩዝ መቀቀል የተማሩበት ጊዜ ልበለው። ብርቄ በእረፍቷ እየመጣች ወጡን ትሠራለች፣ ሩዙን ግን አዬዮ ለማንም አልሰጡም። አንዳንድ ቀን ሾርባ ነበር፣ አንዳንድ ቀን ጠጠር። እኔ በየጧቱ ዓይኔን ጨፍኜ መርገጫዬን በሹካ እነካለሁ። ምንም የለም። አንድ ወር አለፈ፣ ምንም የለም። ክሩ ወጣ፣ ቁስሉ ዳነ፣ መራመድ ጀመርኩ፣ መርገጫዬ ግን አሁንም የሌላ ሰው ነው። አዬዮ አይጠይቁኝም፣ እኔም አልነግራቸውም። ነርቩ ሞቷል ብዬ በልቤ ቀብሬው ጨርሼ ነበር።

በሦስተኛው ወር ግድም፣ አንድ ጧት፣ አዬዮ ሳሎን ተቀምጠው ተምር ሲበሉ፣ ሻይ ይዤላቸው በባዶ እግሬ ወጣሁ። ዘሩን ሳህኑ ውስጥ የጣሉ ሲመስላቸው ብዙውን ጊዜ ምንጣፉ ዳር ይጥሉታል። ግራ እግሬ አንድ ነገር ላይ አረፈ፤ ስል ነገር ከመርገጫዬ መሐል ተነስቶ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ሻዩን ጠረጴዛው ላይ እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እግሬን አቀፍኩ።

«አመመኝ» አልኩ።

አዬዮ ደነገጡ። የት ጋ ነው አሉኝ። መርገጫዬ ላይ አልኳቸው። ቃሉን የምፈልገው ያህል አልጠገብኩትምና ደግሜ አመመኝ አልኳቸው። አዬዮ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ያን የተምር ዘር ከምንጣፉ ዳር አነሱ፣ በጣታቸው ሲያገላብጡት ቆዩ፣ መልሰው ወለሉ ላይ ልክ ከእግሬ ፊት አስቀመጡት።

«እስቲ እንደገና ርገጪው» አሉኝ።

ተነስቼ ረገጥኩት። አሁንም አመመኝ።